12 ሰው፣ 12 በርጩማ፣ 3 ሞርሳ፦ የክበባችንን የጋራ ሥራ እንዴት እናደራጀው?

ሰጋቱራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእንጨት ሥራ ክበባችን እስካሁን ሲሰበሰብ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ዙሪያውን ከቦ ያያል። ይህን ትተን ሁሉም በእጁ ሠርቶ አንድ ዕቃ ይዞ የሚወጣበት ተከታታይ ፕሮግራም ልናዘጋጅ ነው። የመረጥነው ባለ አራት እግር በርጩማ ነው።

ተሳታፊው 12 ነው፤ 5ቱ መሮ ጨብጠው አያውቁም። ሞርሳ (እንጨቱን ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ) የተገጠመላቸው 3 የሥራ ጠረጴዛዎች፣ አንድ ባለ ማቆሚያ ድሪል፣ አንድ የጠረጴዛ መጋዝና 16 ክላምፕ አለን። አንዱ ስብሰባ 4 ሰዓት ነው።

የአንዱ በርጩማ ልኬት በረቂቅ፦
እግር 4፣ 40×40×400 ሚሜ
አግዳሚ 4፣ 20×60×230 ሚሜ (በእግሮቹ መካከል 180፣ በየጫፉ 25 ወንዴ፣ ማለትም እግሩ ላይ ሴቴ በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ጫፍ)
መቀመጫ 320×320፣ ውፍረቱ 22 ሚሜ፣ ከ3 ጣውላ የሚጣበቅ
ወንዴና ሴቴው 10 ሚሜ ውፍረት፣ 40 ሚሜ ስፋት፣ በእግሩ መሃል ለመሃል

በ2 ስብሰባ ያልቃል? የቱን ክፍል አስቀድመን አዘጋጅተን እንጠብቃቸው?


ባለመሮ፦

በ2 አያልቅም። ቁጥሩን ብቻ እዩት። በአንድ በርጩማ 8 ሴቴ አለ፤ በ12 በርጩማ 96። ጀማሪ አንዱን በመሮ ብቻ ለመቦርቦር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት አይገርምም። 8ቱን ሲጨርስ አንድ ሙሉ ስብሰባ አለቀ ማለት ነው። ያውም ሞርሳ ከተገኘለት። እናንተ ጋ ደግሞ ለ12 ሰው 3 ሞርሳ ነው ያለው። 9 ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ወሬ ይጀምራል፣ ወሬው ሲሞቅ ደግሞ ሥራው ይቀዘቅዛል።

4 ስብሰባ አድርጉት። ሴቴዎቹንም በድሪል አስጀምሯቸው፣ በመሮ ይጨርሱት። ለ10 ሚሜ ሴቴ 9 ሚሜ ፑንታ (የድሪሉ መብሻ) ይበቃል፤ መሃሉ ላይ ሹል ጫፍ ያለው የእንጨት ፑንታ ይሁን። የብረቱ በእንጨት ላይ ይንሸራተታል። ቀዳዳዎቹን ከዳር ወደ ዳር በተከታታይ አትብሱ። ሁለተኛው ቀዳዳ የመጀመሪያውን ሲነካ ፑንታው ወደ ባዶው ያዘነብላል፣ ግድግዳው ይጣመማል። መጀመሪያ ሁለቱን ዳሮችና መሃሉን ብሱ፤ ቀጥሎ በመካከላቸው የቀሩትን ሁለት። በጠቅላላው 5 ቀዳዳ። የሚቀረውን ቀጭን ግድግዳ በመሮ እየላጡ ማጽዳት ለጀማሪም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው።

በድሪሉ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት በክላምፕ አስራችሁ መደገፊያ አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን በእያንዳንዱ እግር ሁለት የውጭ ፊቶች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ምልክት ያለበት ፊት ሁልጊዜ መደገፊያውን ይነካል። ይህ ከተዘነጋ የእግሩ ውፍረት ላይ ያለች የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ሁሉ ወደ መጋጠሚያው ትሄዳለች።


የድንጋይ_ውሃ፦

በርጩማው ከመነሳቱ በፊት አንድ ሙሉ ስብሰባ ለስለት ስጡ። ያልተሳለ መሮ የያዘ ጀማሪ ጥፋቱን በራሱ ያሳብባል፤ ተስፋ ቆርጦ የሚቀረውም በዚህ ነው። አዲስ የተገዛ መሮ ደግሞ የተሳለ እንዳይመስላችሁ።

ለ12 ሰው ሁለት 1000 ቁጥርና አንድ 6000 ቁጥር የውሃ ድንጋይ ካለ ይበቃል። በቂ ድንጋይ ከሌለ ወፍራም መስታወት ላይ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ፦ 400፣ 800፣ 1200፣ 2000። ውጤቱ ያው ነው፤ ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል እንጂ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ፣ ከስለቱ አጠገብ ያለውን 20 እስከ 30 ሚሜ ብቻ፣ ጠፍጣፋ እስኪሆንና ወጥ እስኪያብለጨልጭ በ1000 ፈትጉ። ጀርባውን በሙሉ ማስተካከል ጉልበት መጨረስ ነው። ቀጥሎ ፊቱን፣ ማለትም ያዘነበለውን በኩል፣ በ30 ዲግሪ ሳሉ። ጎኖቹን ቆንጥጦ የሚይዘው የተለመደው ባለ ጎማ መያዣ ካላችሁ፣ መሮው ከመያዣው 30 ሚሜ ሲወጣ 30 ዲግሪ ይሰጣል፣ 40 ሚሜ ሲወጣ 25 ዲግሪ። የመላጊያ ምላጭ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ 38 ሚሜ ለ30፣ 50 ሚሜ ለ25 ነው። ሁሌ በሜትር ከመለካት በቁራጭ ጣውላ ላይ እነዚህን ርቀቶች የሚያቆም እንጨት ለጥፉ፤ ለክበቡ ዘላቂ ዕቃ ይሆናል።

ፊቱን ስትስሉ በጀርባው በኩል በጣት የምትሰማ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ትወጣለች። ከዳር እስከ ዳር እስክትሰማችሁ ወደ 6000 አትለፉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መሃሉ ወጥቶለት ማዕዘኑ ሳይወጣ ያልፋል፣ ከዚያ 6000ው ላይ ግማሽ ሰዓት ቢያሽ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጀርባውን በ6000 ጠፍጣፋውን አስተኝታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትስቡት ጠርዟ ትረግፋለች።

ፈተናው ጸጉር መላጨት አይደለም። ለስላሳ እንጨት፣ ለምሳሌ ጥድ፣ ውሰዱና ጫፉን፣ ማለትም ጅማቱ የተቆረጠበትን ፊት፣ በመሮው ላጡት። ፊቱ ካብረቀረቀ ተሳለ፤ ከተጨፈለቀና ከነጣ ገና ነው።

ድንጋዩ ራሱ መሃሉ ይጎደጉዳል። በእርሳስ መረብ አስምሩበትና መስታወት ላይ ባለ 220 ወረቀት መረቡ እስኪጠፋ እሹት። 12 ሰው በአንድ ቀን የሚጠቀምበት ድንጋይ ቢያንስ 3 ጊዜ ይህን ይፈልጋል።


ዋርካ፦

ስለ ዕቃው በቂ ተብሏል፣ እኔ ስለ ሰዎቹ ልጨምር። 7 የለመዱና 5 አዲስ ካሉ፣ ዝም ካላችኋቸው የለመዱት ከለመዱት ጋር ይቆማሉ። ስለዚህ ጥንዱን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ስማቸውንም በጠረጴዛው ላይ ጻፉ። ሕጉ አንድ ነው፦ የለመደው ሰው የአዲሱን መሮ አይነካም። ማሳየት ካለበት በራሱ ቁራጭ እንጨት ላይ ያሳያል። “ቆይ ልሥራልህ” የምትባለው ቃል ከፍቅር ብትመጣም ሰውዬውን ተመልካች ታደርገዋለች፣ ወደ ድሮው ስብሰባ ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ሌላው፣ የዝግጅቱን ሥራ ሁልጊዜ ያው ሁለት ሰው አይሥራው። 96 ሴቴ በድሪል ማስጀመር 480 ቀዳዳ ነው። ሁለት ሰው ብቻውን ይህን ከሠራ በሚቀጥለው ዙር አታገኙትም። በየስብሰባው ዝግጅቱም ጽዳቱም ለተለያየ ጥንድ ይድረስ፣ አዲሶቹም ይግቡበት። ሰው ክበቡን የኔ የሚለው ቁልፍ ሲሰጠው ነው።


ሰጋቱራ፦

አመሰግናለሁ። ጋሼ ባለመሮ፣ በ4 ስብሰባው ተስማምቻለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። 12ቱን በ3 ሞርሳ እንዴት ላሽከርክር? ደግሞ ጣውላው የገባው ከ3 ቀን በፊት ነው፤ ደረቅ ነው ተብለናል።


ደረቅ_ጣውላ፦

“ደረቅ ነው” የሚለውን ሻጭም ገዥም ይላል። እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ8 እስከ 12 በመቶ ፈልጉ። ከሌላችሁ ሚዛን ይበቃል፦ አንድ ጣውላ መዝኑ፣ ክብደቱን ራሱ ላይ ጻፉ፣ በሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑ። ከቀነሰ ገና እየደረቀ ነው፤ ካልተለወጠ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል።

እስከዚያው መሬት ላይ አትከምሩት። በየጣውላው መካከል 20 ሚሜ ውፍረት ያላቸው ቁራጮች በየ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አስገቡ፣ ቁራጮቹም ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥታ መስመር ይሁኑ። ከመስመር ከወጡ ክብደቱ ጣውላውን በመሃል ያጎብጠዋል፣ እንደጎበጠም ይደርቃል። ሁለት ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው።

መቀመጫው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንጨት እርጥበት ሲለዋወጥ በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለውም፤ በስፋቱ ግን ይነፋል፣ ይኮማተራል። 320 ሚሜ ስፋት ያለው መቀመጫ እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለዋወጥ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነት ይለያይ እንጂ፣ ወደ 3 ሚሜ ይንቀሳቀሳል። አግዳሚዎቹ ደግሞ አይንቀሳቀሱም። መቀመጫውን ዙሪያውን በኮላ ወይም በጠባብ ቀዳዳ ብሎን ካሰራችሁት፣ ወይ መቀመጫው ይሰነጠቃል፣ ወይ መጋጠሚያው ይከፈታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአራቱም አግዳሚዎች ውስጠኛ ፊት ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ እኩል፣ 25×25 ሚሜ እንጨት በኮላና በብሎን ለጥፉ። የመቀመጫው ጅማት ከፊት ወደ ኋላ ከሄደ፣ በፊትና በኋላ አግዳሚ መሃል ላይ አንድ አንድ ክብ ቀዳዳ፤ በግራና በቀኝ ግን 4.5 ሚሜ ስፋት፣ 10 ሚሜ ርዝመት ያለው ሞላላ ቀዳዳ፣ ርዝመቱ ጅማቱን አቋርጦ። 4×40 ብሎን ከነሮንዴላው። 25ቱን አልፎ መቀመጫው ውስጥ 15 ይገባል፣ ከ22 ሚሜው 7 ይተርፋል፣ ወደ ላይ አይወጣም። 50 ብሎን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋምና ተጠንቀቁ።


ባለመሮ፦

ስለ ማሽከርከሩ፦ ሦስት ጣቢያ አድርጉት፣ በየጣቢያው 4 ሰው፣ በየ50 ደቂቃው ይቀያየራሉ። አንደኛው ሞርሳ የሚያስፈልገው ሥራ ነው፣ ወንዴ መቁረጥ። ሁለተኛው ሞርሳ የማይፈልግ፣ ሴቴ ማጽዳት። እግሩን ጠረጴዛ ላይ በአንድ ክላምፕ ማሰር ይበቃል፤ እንዲያውም ከሞርሳ ይሻላል፣ መሮው ሲመታ ሥር ጠንካራ ነገር አለ። ሦስተኛው ቁጭ ተብሎ የሚሠራ፣ ማስመርና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ሞርሳው ጋ በአንድ ጊዜ 3 ይሠራሉ፣ አራተኛው የባልደረባውን መስመር በስኳድራ ይፈትሻል። ይህ ሥራ ፈትነት እንዳይመስላችሁ፤ ስህተት የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

ወንዴውን በእርሳስ ሳይሆን በቢላ አስምሩት። እርሳስ ራሱ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የቢላ መስመር ግን የመጋዙና የመሮው ማረፊያ ይሆናል። የትከሻውን መስመር፣ ማለትም ወንዴው ከአግዳሚው የሚጀምርበትን፣ አራቱንም ፊት አዙሩት፤ መነሻና መድረሻው ካልተገናኘ አግዳሚው ቀጥ አላለም ወይም ስኳድራው ተበላሽቷል።


ፍጥነት_ወዳድ፦

ይቅርታ፣ ግን 48 አግዳሚ፣ 96 ወንዴ በእጅ መጋዝ ለምን? የጠረጴዛ መጋዝ አለ እኮ። በአንድ ልኬት ሁሉም በ2 ሰዓት ያልቃል፣ እኩልም ይሆናል።


ዋርካ፦

ያልቃል፣ ግን ማን ነው የጨረሰው? መጋዙ ጋ የቆመው አንድ ሰው። ዓላማው በርጩማ ማምረት ቢሆን ኖሮ ሐሳብህ ትክክል ነበር።


ባለመሮ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እናስታርቃችሁ። ቁመቱንና ውፍረቱን በማሽን፣ መጋጠሚያውን በእጅ። 48 አግዳሚ በአንድ ማቆሚያ እኩል ካልተቆረጠ የማንም በርጩማ አይቆምም፣ ጀማሪ ደግሞ እኩል መቁረጥን በመጀመሪያ ቀኑ አይማርም። ወንዴውን ግን ይቁረጠው። መጋዙ መስመሩን ሳይበላ ከውጭ በኩል ይሂድ፣ የቀረውን በመሮ እያነሳ ይሞክር። ልኩ እንዲህ ይታወቃል፦ በእጅ ተገፍቶ እስከ ግማሽ ይገባል፣ የቀረውን የእንጨት መዶሻ በቀስታ ያስገባዋል። በጉልበት የሚገባ ወንዴ የእግሩን ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ብቻውን የሚወድቅ ደግሞ ኮላው አይዘውም። ከሳሳ ከዚያው እንጨት ቀጭን ልጥ ለጥፋችሁ እንደገና ልኩት። ሴቴውን በኮላና በሰጋቱራ መሙላት ማታለል ነው (ስምህን ሳይሆን ዱቄቱን ነው ያልኩት ወንድሜ)።

እግሮቹን ደግሞ በ420 ቁረጡ። ከላይ የሚተርፈው 20 ሚሜ ሴቴው ሲቦረቦር ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቃል፤ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል። ወንዴው ከ60ው 40 ሚሜ ስፋት ይኑረው፦ ከላይ 15፣ ከታች 5 ተቀንሶ።


ጓንት_አልባ፦

እስካሁን ስለ አደጋ ማንም አላነሳም። አጭር አደርገዋለሁ።

በድሪሉና በሌላው የሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት ክልክል ነው። ጨርቁ ከተያዘ እጅ ይከተላል። ረጅም እጅጌ ይጠቀለል፣ ጸጉር ይታሰር፣ የአንገት ሐብል ይውለቅ። የጠረጴዛውን መጋዝ የሚነካው የተፈቀደለት ሰው ብቻ ይሁን። ከምላጩ ጀርባ ያለው መለያያ ቢላ ተነቅሎ ከሆነ መልሱት፤ የተቆረጠው እንጨት ተጣብቆ ምላጩን ሲቆነጥጥ ወደ ሠራተኛው የሚወረወረው እሱ ሲጎድል ነው። ሌላው ሰው ከምላጩ መስመር ፊት ለፊት አይቁም።

ብናኙን አትናቁት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ መድቦታል። 12 ሰው በአንድ ክፍል ሲያለሰልስ ማስክ ያስፈልጋል፣ መስኮትም ይከፈታል፤ ሲጸዳም በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አታስነሱ።

ዋናው ነገር ግን የዘይት ጨርቅ ነው። በርጩማውን የተልባ ዘይት ልትቀቡት ከሆነ፣ ዘይቱ ሲደርቅ ኦክስጅን እየሳበ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ይነዳል፣ ብዙ ጊዜም ሰው ከሄደ ከሰዓታት በኋላ። 12 ሰው 12 ጨርቅ ነው። እያንዳንዱን ዘርግታችሁ ውጭ ለየብቻ አንጠልጥሉ፣ ወይም ውሃ ባለበት የብረት ባልዲ ነክራችሁ ክደኑት። ቁልፍ የሚይዘው ጥንድ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ጨርቆቹን ይቁጠር።


ክላምፕ_አይበቃም፦

ስሜ መልሴን ተናግሯል። 16 ክላምፕ አላችሁ። የመቀመጫው ጣውላ ለአንዱ ቢያንስ 3 ይፈልጋል፣ ስለዚህ በአንድ ዙር 5 መቀመጫ ነው የምታጣብቁት። ከእግሮቹ ጋር በአንድ ቀን አታድርጉት። ወይም በገመድና በሽብልቅ፦ ጣውላዎቹን በሁለት ጠንካራ እንጨቶች መካከል አድርጉ፣ ጫፎቹን በገመድ እሰሩ፣ በመሃል ጥንድ ሽብልቅ አስገብታችሁ ምቱ። ከክላምፕ የማያንስ ኃይል አለው።

የእግሩን ክፍል በሁለት ደረጃ አጣብቁ። መጀመሪያ ሁለት እግርና አንድ አግዳሚ፤ አንድ ክላምፕ ይበቃዋል። በጠቅላላው 24 እንዲህ ያለ ጎን አለ፤ 16ቱ በመጀመሪያው ዙር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 8ቱ። አራቱንም ጎን ባንዴ ለማጣበቅ የሚሞክር ጀማሪ ኮላው በእጁ ላይ ይደርቅበታል። ነጭ ኮላ ከተቀባ በኋላ ለመገጣጠም ያላችሁ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኮላ ሳትቀቡ አንድ ጊዜ ሙሉውን ገጥማችሁ፣ ክላምፑን አጥብቃችሁ እዩት፣ ፈትታችሁ ቀቡ። ኮላው በብዛት ሴቴው ግድግዳ ላይ፣ ወንዴው ላይ ስስ። ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አታጣብቁ፤ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ አይዝም።

የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው መጥረግ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስህተት ነው። ውሃው ኮላውን ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ያስገባዋል፤ ቀለም ወይም ዘይት ሲቀባ ያ ቦታ ገርጥቶ ይወጣል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደ ጎማ ሲሆን በአሮጌ መሮ ይላጣል።

ክላምፑ ከጠበቀ በኋላ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱን ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሜ ከበለጠ ክላምፑን ወደ ረጅሙ አቅጣጫ ትንሽ አዘንብሉት። ከደረቀ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።


ዋርካ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በየስብሰባው መጨረሻ 15 ደቂቃ ለተበላሸ ሥራ ጠረጴዛ ስጡ። የሰነጠቀ እግር፣ የሳሳ ወንዴ ይቀመጥና የሠራው ሳይሆን ሌላው ምክንያቱን ይገምት። የተዋጣለት ሥራ ብቻ የሚታይበት ክበብ ጀማሪውን ያሳፍረዋል። ተውሶ የሚሄድ መሣሪያም ካለ፣ ተስሎ ይመለስ፤ ይህች ብቻ ትበቃለች።


ሰጋቱራ፦

እንግዲህ ዕቅዱ ይኸው። 1ኛ ስብሰባ ስለት፣ በጎን መቀመጫ ማጣበቅ በ3 ዙር (5፣ 5፣ 2)። 2ኛ እና 3ኛ፣ በሦስቱ ጣቢያ መጋጠሚያ። 4ኛ፣ ጎኖችን ማጣበቅ፣ መቀመጫ ማሰር። ዘይቱ ሌላ ቀን፣ ከነባልዲው። እግሮቹን በ420፣ 48ቱን አግዳሚ ደግሞ በ230 ዛሬ ቆርጠናል። ነገ ድሪሉን እንጀምራለን።


ስኳድራ፦

ድሪሉን አቁሙ። ማንም ያላየው ነገር አለ። እግሩ 40 ሚሜ ነው፣ ሴቴው 10 ሚሜ በመሃል። ስለዚህ ከውጭ ፊት ከ15 እስከ 25 ያለውን ይይዛል። ከጎረቤት ፊት የሚመጣው ሁለተኛው ሴቴም እንደዚያው። ሁለቱም 25 ሚሜ ከጠለቁ እግሩ መሃል ላይ ይጋጫሉ፤ አንዱ ወንዴ ከገባ ሌላው አይገባም። በመሃል ካደረጋችሁት ሳይነካኩ የሚገባው 15 ሚሜ ብቻ ነው፣ ለሚቀመጡበት ዕቃ ደግሞ ያንሳል።

ሴቴውን ወደ ውጭ አምጡት፦ ከውጭ ፊት ከ8 እስከ 18። ያኔ ጥልቀቱ 22 ድረስ መሄድ ይችላል፣ ሁለቱ በማዕዘን ጫፍ ብቻ ይጎራበታሉ። ወንዴው 20 ይሁን፣ 2 ሚሜ ለኮላው ይተርፋል። አግዳሚው ከእግሩ ፊት 3 ሚሜ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ይህም ጥቅም አለው፣ እኩል ያልሆነ ነገር ዓይን ውስጥ አይገባም። ወንዴውን በ45 ዲግሪ ጫፉን ቆርጦ ማርዘምም ይቻላል፣ ግን ለጀማሪ ተዉት።


ሰጋቱራ፦

48ቱ በ230 ተቆርጠዋል እኮ!


ስኳድራ፦

እንኳን ረዘሙ። 180 ሲደመር ሁለት 20፣ 220 ነው። ከሁለቱም ጫፍ 5 ሚሜ ቁረጡ፤ ከአንዱ ጫፍ 10 ብትቆርጡም ትከሻው ገና ስላልተሰመረ ችግር የለውም። ማቆሚያውን 220 ላይ አስራችሁ የመጀመሪያዎቹን 4 በሁለት ቁራጭ እግር ገጥማችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ 44ቱን።